የወል ዕቃና ጠባቂው፤ በሐይቅ ዳር ስላሉ የምርምር ጣቢያዎች

ሐይቅን የሚያህል ፍጥረት በአንድ ሰው ዕድሜና በአንድ ሰው ገንዘብ ተመርምሮ አያልቅም። ጣናን እንኳ ብናነሣ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ፣ ከባሕር ወለል 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ደሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ መነኮሳትን ያስጠለሉ፣ የዓባይም መውጫ የሆነ ታላቅ ውሃ ሲሆን፣ ከዳር ቆሞ ለሚመለከተው መንገደኛ አንድ ወጥ ሜዳ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሙቀቱ በየሰዓቱ ይለወጣል፣ ደለሉ በክረምት ይጨምራል በበጋ ይቀንሳል፣ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞቹ ወጥቶ ይመለሳል፣ በዓይን የማይታዩት ደቂቅ ፍጥረታትም እንደ ወቅቱ ይበዛሉ ይመነምናሉ። ይህን ሁሉ ለማወቅ የሚሻ ሰው ጀልባና ሞተር፣ መረብና የውሃ መቅጃ፣ ማይክሮስኮፕና የኦክስጅን መለኪያ፣ ናሙና የሚያቆይበት ማቀዝቀዣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐይቁን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጀልባ ነጂ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ለብቻው ገዝቶ፣ ለብቻውም ጠብቆ ሊዘልቅ የሚችል ተማሪም ሆነ መምህር፣ ኮሌጅም ሆነ መሥሪያ ቤት በአገራችን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ባለጸጋ በሚባሉት አገሮችም ቢሆን እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ ሊቃውንት በውሃ ዳር ቤት ሠርተው፣ ዕቃውን በዚያ አኑረው፣ ከየትም የመጣ ተመራማሪ በተራውና በሥርዓቱ እንዲገለገልበት ማድረግን ከጀመሩ እነሆ 150 ዓመት አልፏል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምወደው ይህ የወል አገልግሎት እንዴት እንደሚሠራና በምን እንደሚጸና ነው፤ ከወዲሁም ሐሳቤን ለመግለጥ ያህል፣ የጣቢያ ሀብት በግምጃ ቤቱ የተደረደረው መሣሪያ ሳይሆን ዕቃውን የሚጠብቀው ሰውና ልኬቱ የሚጻፍበት መዝገብ ነው ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የምጽፈው ከሪያድ ከተማ በስተምሥራቅ ከሚገኘው ከነሲም ሰፈር ነው። በዚህ አካባቢ ሐይቅ የለም፤ በየቤቱ ከሚከፈተው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ አብዛኛው እንደ ጁባይል ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ጨው እየተለየለት፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ እየተገፋ፣ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ የሚደርስ የባሕር ውሃ ነው። ውሃ በእንዲህ ያለ ድካምና ወጪ በሚገኝበት አገር የሚኖር ሰው፣ በአገሩ ያለ ልፋት ስለ ተሰጠው ውሃ ሲያስብ ልቡ መነካቱ አይቀርም። የእምቦጭ አረም ጣናን ወረረው የሚለው ዜና በተሰማበት ጊዜ በባዕድ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ማዋጣታቸው፣ ማሽንም ገዝተው መላካቸው ከዚሁ ፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ስጦታ እንዲጠቅም ሰጪው የሚሰጥበትን ቤት አሠራር ማወቅ ይገባዋልና፣ ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው።

የዚህ አሠራር አባት አንቶን ዶርን የተባለ ጀርመናዊ ነው። እርሱ በ1872 በኢጣልያ በኔፕልስ ከተማ በባሕር ዳር የእንስሳት ምርምር ጣቢያ መሠረተ፤ ቤቱንም ለማስተዳደር አንድ ብልኀት ፈጠረ፣ ይኸውም መንግሥታትና ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የተወሰነ ኪራይ እየከፈሉ በጣቢያው ውስጥ አንድ የሥራ ጠረጴዛ እንዲይዙ፣ የሚልኩትም ሊቅ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከባሕር የወጣለትን እንስሳ፣ መድኃኒቱንና መስተዋቱን፣ መጻሕፍቱንም ያለ ሌላ ክፍያ እንዲጠቀም የሚያደርግ ሥርዓት ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ኪራዩ የሚከፈለው ለጠረጴዛው እንጨት አለመሆኑ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባው፣ የመጻሕፍት ጠባቂው፣ መስተዋት የሚያጥበው ሠራተኛ ሁሉ በዚያ ክፍያ ውስጥ ነበሩ። ኦቶ ዛካርያስ ይህንን ምሳሌ ተከትሎ በሰሜን ጀርመን በፕሎን ሐይቅ ዳር ጣቢያ በ1892 ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ የሐይቅ ጣቢያ በየአገሩ ተተከለ።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚማርከው ግን በሳይቤሪያ በባይካል ሐይቅ ዳር ያለው ነው። ይህ የኢርኩትስክ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ቦልሺዬ ኮቲ በተባለች መንደር የሚገኝ ሲሆን፣ በ1945 ሚካኢል ኮዦቭ የተባለ መምህር ከዳር ጥቂት ራቅ ያለ አንድ ቦታ መርጦ፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን እየቆየ፣ በበጋ በጀልባ፣ በክረምት የሐይቁን በረዶ እየበሳ፣ ውሃውን መቅዳትና ሙቀቱን መለካት ጀመረ። እርሱ ሲያልፍ ልጁ ኦልጋ፣ ከእርሷም በኋላ የልጅ ልጁ ሊዩቦቭ ሥራውን ተቀበሉ፤ ጦርነት ያስከተለው ችግርም፣ የሶቪየት መንግሥት መፍረስም አላቋረጠውም። ከ60 ዓመት በኋላ መዝገቡ ሲመረመር የባይካል የላይኛው ውሃ ከ1946 ወዲህ በ1.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቁ ተገለጠ፤ ያን የሚያህል ግዙፍና ቀዝቃዛ ሐይቅ ይህን ያህል ይሞቃል ብሎ የጠበቀ ሊቅ ብዙ አልነበረም። እንግዲህ ይህን ያስገኘው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ቴርሞሜትር፣ መቅጃና መረብ ብቻ ነበር፤ ያስገኘው ያንኑ ዕቃ በዚያው ስፍራ በዚያው ዘዴ ያለ መታከት መጠቀምና የተገኘውን አኃዝ በአንድ መዝገብ ማኖር ነው።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣባት በጂንጃ የምሥራቅ አፍሪካ የዓሣ ሀብት ምርምር ድርጅት በ1947 ተቋቁሞ፣ ለኬንያም፣ ለዩጋንዳም፣ ለታንጋኒካም በወል ሲያገለግል ኖሯል። ጃክ ታሊንግ የተባለው እንግሊዛዊ የሐይቅ ሊቅ በ1960 እና በ1961 በዚያ ጣቢያ ተቀምጦ ሲሠራ የብዙ አፍሪካ ሐይቆችን ውሃ ኬሚካላዊ ይዘት ለማጥናት የቻለው፣ ጀልባውና ላቦራቶሪው ተሰናድተው ስለ ጠበቁት ነው። በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ሲፈርስ የሦስቱ አገሮች የወል ቤት የዩጋንዳ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ሐይቁ ግን እስከ ዛሬ የሦስቱም ነው።

የኢትዮጵያ ሐይቆች ታሪክ ከዚህ የተለየ መንገድ ተጉዟል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከጣና ዓሣ ሰብስቦ ወደ አገሩ ወሰደና ለዓለም አስታወቀ፤ በ1937 በወረራው ዘመን በጆቶ ዳይኔሊ የተመራ የኢጣልያ ሊቃውንት ጓድ መጥቶ ሐይቁን መረመረ፣ ውጤቱም በሮም በጣልያንኛ ታተመ። እነዚህ ሥራዎች ዋጋ የላቸውም አልልም፤ የዛሬው ተመራማሪ ሳይጠቅሳቸው አያልፍም። ሆኖም መጥቶ፣ ለክቶ፣ ጭኖ የሚሄድ እንግዳ ለሐይቁ ዳር ሕዝብ ቤትም ዕቃም መዝገብም አይተውለትም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ያስተማረን በቢሾፍቱ የሆነው ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ መምህራን በ1960ዎቹ የቢሾፍቱን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ጥልቀትና ጨዋማነት ለክተው በ1968 አሳተሙ፤ ከታሊንግ ጋርም ሆነው በአረንጓዴና በኪሎሌ ሐይቆች የሚገኙት ደቂቅ ዕፀዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩበት ፍጥነት በተፈጥሮ ውሃ ሊታሰብ ከሚቻለው ከፍተኛ ወሰን የሚቀርብ መሆኑን በ1973 ለዓለም አስረዱ። በ1989 የሞጆ ወንዝ ወደ ኪሎሌ እንዲገባ ተደረገና ጨዋማውና አረንጓዴው ሐይቅ በጥቂት ዘመን ወደ ጨው አልባ ውሃነት ተለወጠ። ይህ ለውጥ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ምንስ እንደ ጠፋ ዛሬ በአኃዝ መናገር የምንችለው የ1960ዎቹ ልኬት ተጽፎ ስለ ተቀመጠ ብቻ ነው፤ ያ ባይኖር ኪሎሌ ዱሮ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክር የሽማግሌ ወሬ ብቻ በቀረ ነበር።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። በባሕር ዳር ከተማ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ የሚተዳደረውም በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። በዚያው ከተማ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በእርሱም ሥር የዓባይ ውሃ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ከሆላንድ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ፣ ከሩሲያም የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ ሥነ ሕይወት ጉዞ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ በዚህ ሐይቅ ሠርተዋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ውሃ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ዓይነት ዕቃ የሚሠሩ ናቸውና፣ የወል አገልግሎት ለጣና ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

የሆላንዶቹን ሥራ እንደ ምሳሌ እንይ። ሌኦ ናግልኬርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በ1990ዎቹ በጣና የሚገኘውን፣ አጥማጆቹ ነጭ ዓሣ የሚሉትን ወገን ሲመረምሩ፣ አንድ ይመስል የነበረው ዓሣ 15 ልዩ ልዩ ዝርያ መሆኑን አስረዱ፤ አንዱ ሌላ ዓሣ ይበላል፣ ሌላው ከጭቃ ውስጥ ይለቅማል፣ ሌላው ከውሃው ያጣራል፣ አፋቸውም እንደ ምግባቸው ይለያያል። በዓለም ላይ ይህን የሚመስል የአንድ ወገን ዓሣ ስብስብ በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅ ነበረ፤ እርሱ ግን ጠፋ። የጣናው ቀርቷል፤ የቀረውም ያለ ጉዳት አይደለም። በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ኡርክ ከተባለች የሆላንድ ዓሣ አጥማጆች ከተማ ከመጣ ድርጅት ጋር በመተባበር የዳሩን ድኻ ለመርዳት በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችንና የናይለን መረብን ወደ ጣና አስገባ፤ ከዚያ በፊት የደንገል ታንኳ እየሠራ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ያጠምድ የነበረው የነገደ ወይጦ ሰው ነበር። ሐሳቡ በጎ፣ ጥቅሙም እውነት ነበር። ነገር ግን ነጭ ዓሣ በክረምቱ ማብቂያ ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ሲሰበሰብ መረቡ በዚያ ይጠብቀው ጀመር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለካውን በዚያው ዘዴ በአሥር ዓመቱ ደግመው ቢለኩት የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ይህን አኃዝ በጥሞና እንዲመለከተው አንባቢን እለምናለሁ። የመጀመሪያው ልኬት በአንድ ዓይነት መረብ፣ ሁለተኛው በሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ፣ ዓሣው መቀነሱን ወይስ የመረቡ ዓይን መለያየቱን እያሳየን እንደ ሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። አጥማጁም በቀላሉ ሊከራከር፣ ሹሙም ሕግ ለማውጣት ሊያመነታ ይችል ነበር። የጣቢያው መረብ የዓይኑ ስፋት ተለይቶ በግምጃ ቤት መቀመጡ፣ መርከበኛ በካርታ ምልክት እንደሚያደርግ የናሙናው ስፍራ በጂፒኤስ መታወቁ፣ በማንና በስንት ሰዓት እንደ ተጣለና እንደ ተነሣ መጻፉ ለተራ ሰው ተራ ነገር ቢመስለውም፣ የሐይቅ ዕውቀት የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ይህ አገልግሎት በዕለት ዕለት ምን ይመስላል? ከሌላ ከተማ የመጣ የማስተርስ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት ጊዜ ወደ ሐይቁ እንደሚወጣ ያስረዳል። ጀልባ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሲኖር፣ የጣቢያው የራሱ ወርኃዊ ልኬት፣ የሌሎች ተማሪዎች ሥራና የእንግዳ መምህራን ጉዞ በአንድ ሰሌዳ ላይ ይመደባል። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታና ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ስለሚያስጨንቅ ሥራ የሚጀመረው በማለዳ ነው፤ ስለዚህም ተራውን ያሳለፈ ሰው የሚያጣው አንድ ሰዓት ሳይሆን አንድ ቀን ነው። ነዳጅ የሚሞላው ማን ነው? የጀልባ ነጂው አበል ከየት ይከፈላል? የሕይወት ጃኬት ለስንት ሰው አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ከጉዞው በፊት ካልተመለሱ በሐይቁ መካከል መመለሳቸው አይቀርም፤ በዚያም ጊዜ መልሱ መራራ ይሆናል።

ዕቃው ከግምጃ ቤት የሚወጣው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥርዓት ነው፤ ጠያቂው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ በሞዴል 22 ፈርሞ ይረከባል፣ ሲመልስም ይፈተሻል። ብዙ ወጣቶች ይህን ወረቀት እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ እኔ ግን ፊርማው የመሣሪያው የሕይወት ታሪክ መጀመሪያ ነው እላለሁ። የኦክስጅን መለኪያ ቢወድቅ፣ ስስ ሽፋኑ ቢደርቅ፣ የፒኤች መለኪያው የመስተዋት ጫፍ ቢሰነጠቅ አኃዝ መስጠቱን አያቆምም፤ የተሳሳተ አኃዝ ይሰጣል እንጂ። ዕቃው ከተሰበረ በኋላ ዝም ብሎ መልሶ የሄደ ሰው ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ መዝገብ ያበላሻል፤ ጉዳቱን በግልጽ ጽፎ የሚመልስ ግን ሙሉ ዓመት የተደከመበትን ሥራ ያድናል። ስለዚህ በደህና ጣቢያ ውስጥ መሣሪያው ከመውጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ይዘቱ በታወቀ ፈሳሽ ይለካል፤ ይህም ካሊብሬት ማድረግ የሚባለው ነው፤ ቀኑና የሠራው ሰው ስምም በመሣሪያው መዝገብ ይጻፋል። ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ አማራጭም አለ፤ የሀንጋሪው ሊቅ ላዮስ ዊንክለር በ1888 ያወጣው ዘዴ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በኬሚካልና በመስተዋት ቱቦ ይለካልና፣ በማሽን የተገኘውን አኃዝ ለመፈተን እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሁሉም መሣሪያ ውድ ነው ማለት አይደለም። የውሃን ጥራት ለማወቅ ከሚያገለግሉት መካከል እጅግ ቀላል የሆነው በ1865 አንጄሎ ሴኪ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የሥነ ከዋክብት ሊቅ በጳጳሱ መርከብ ላይ ሆኖ የሞከረው ክብ ሳሕን ነው፤ በገመድ ታስሮ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ከዓይን የሚሰወርበትም ጥልቀት ይጻፋል። ለሐይቅ የሚሆነው ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳሕንና ምልክት ያለበት ገመድ ካለ ይበቃል። በጣና ያ ሳሕን ብዙ ሳይወርድ ይሰወራል፤ ምክንያቱም ከተራቆተው የዳር መሬት በየክረምቱ የሚወርደው ደለል ውሃውን ያደፈርሰዋል። የሐይቁ ዳር ትምህርት ቤት ልጆች ይህን ሳሕን ሠርተው በየሳምንቱ ቢለኩ፣ ጣቢያውም መዝገባቸውን ቢቀበል፣ የወል አገልግሎት ከሊቃውንት ወደ ሕዝብ መሸጋገሪያ መንገድ ያገኛል።

ስለ ዕቃ ስንናገር ስለ ንጽሕናው አለመናገር አይቻልም። እምቦጭ በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ የታወቀው በ1965 ሲሆን፣ በጣና ላይ የታየው በ2011 ነው። ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ የሚዛወር መረብ፣ ጀልባ፣ ገመድ፣ ቦቲ ጫማ ሁሉ ቅንጣት ተክል ወይም ዘር ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከግንዱም የተቆረጠ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ስለዚህ በባቱም ሆነ በሐዋሳ ሠርቶ ወደ ጣና የሚመጣ ተመራማሪ፣ ወይም ከጣና ወደ ሌላ የሚሄድ፣ ዕቃውን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከጀልባው ሆድ ውሃውን ማፍሰስ፣ መረቡንም በፀሐይ ፈጽሞ ማድረቅ ይገባዋል። ይህ የሚደረገው ደግሞ ማጠቢያ ቦታና ቧንቧ፣ የሚያስገድድም ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ሐይቁን ሊያድን የመጣ ሰው በገዛ መረቡ ጠላት ቢያስገባበት ከዚህ የባሰ ኀዘን ምን አለ?

የወል ዕቃ ጠባቂ እንደሚያሻው የጣና መነኮሳት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አውቀዋል። በአንድነት ገዳም ማንም የእኔ የሚለው ነገር የለውም፤ ማኅበሩ በወል ይበላል፣ በወል ይሠራል፤ ነገር ግን የወል መሆኑ ጠባቂ አልባ አላደረገውም። የብራና መጻሕፍቱ፣ አልባሳቱ፣ ዘውዶቹና መስቀሎቹ በዕቃ ቤት ተቆጥረው ይኖራሉ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ኃላፊ የሆነው ገበዝ ይባላል፤ አንዱ ሲሾም ከቀዳሚው ቆጥሮ ይረከባል፣ ሲሻርም ለተከታዩ ቆጥሮ ያስረክባል። በጦርነትና በወረራ ዘመን ብዙ ቅርስ በደሴቶቹ ተደብቆ ተርፏል፤ ለዚህም ይህ ሥርዓት ረድቷል። የሐይቅ ዳር ምርምር ጣቢያም ገበዝ ያስፈልገዋል፤ በዘመናችን ቋንቋ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያንና የንብረት ኃላፊ እንለዋለን። በመሥሪያ ቤቶቻችን ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ደመወዙ ዝቅተኛ፣ ስሙም በምርምር ጽሑፍ ላይ የማይጠቀስ ነው። ዶክተሩ ይመጣል ይሄዳል፤ እርሱ ግን የትኛው ሞተር በብርድ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ማይክሮስኮፕ ሌንሱ ሻጋታ እንደ ጀመረው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት የትኛው መረብ እንደ ተቀየረ ያውቃል። እርሱ ወደ ሌላ ሥራ የሄደ ዕለት የጣቢያው ግማሽ ዕውቀት አብሮት ይሄዳል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን፣ ባለጸጋዎቹም እንዴት እንደ ፈቱት እንመልከት። እዚሁ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ከጅዳ በስተሰሜን በቀይ ባሕር ዳር በቱዋል የተሠራው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ሲከፈት፣ ትልልቆቹን መሣሪያዎች በየመምህሩ ክፍል ከመበተን ይልቅ በወል ላቦራቶሪዎች አሰባሰባቸው፤ የባሕር ምርምር ጀልባዎቹንና የጠላቂዎቹን ዕቃ የሚያስተዳድር ክፍልም አቋቋመ። በእነዚህ ላቦራቶሪዎች መሣሪያውን የሚያውቁና የሚጠብቁ ቋሚ ባለሙያዎች አሉ፤ ተማሪውም በቅድሚያ ሳይሠለጥን ዕቃውን አይነካም። ገንዘብ የማያጥረው ቤት እንኳ ዕቃውን በወል ማድረግን የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአሥር ክፍል ተበትኖ ከሚቀመጥና ግማሹን ዓመት ከሚተኛ አሥር መሣሪያ ይልቅ የሠለጠነ ጠባቂ ያለው አንዱ ብዙ ይሠራል።

እንግዲህ ከነሲምም ሆነ ከሌላ ከተማ ለጣና ሊሰጥ የሚወድ ወገን ምን ይስጥ? ከውጭ ተልከው ጣና ከደረሱት የአረም ማጨጃ ማሽኖች አንዳንዶቹ በመለዋወጫና በነዳጅ እጦት፣ በሠለጠነ ነጂም እጥረት ቆመው የታዩበት ጊዜ ነበር፤ ይህም ላኪዎቹን አሳዝኗል፣ አንዳንዱንም ዳግመኛ እንዳይሰጥ አድርጎታል። ላኪዎቹን መውቀስ አይገባም፤ ማሽን ዓይን ይስባል፣ ፎቶግራፍም ይነሣበታል፤ የሞተር ዘይትና የመለኪያ ሽፋን ግን ማንም ሪባን አይቆርጥበትም። ሆኖም አንድ ማኅበር ገንዘብ ሲሰበስብ ከግዥው ዋጋ ሌላ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት የሚሆን የነዳጅ፣ የመለዋወጫና የቴክኒሺያን አበል ወጪ አብሮ ቢያሰላ፣ ዕቃው በማን ስም በሞዴል 19 ገቢ እንደሚሆን ከመላኩ በፊት በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ የሚበላሸውን ክፍል ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚጠግን ሰው መኖሩን ቢያረጋግጥ ይሻላል። ማሽን መግዛት ለማይችል ትንሽ ማኅበር ደግሞ የካሊብሬሽን ፈሳሽ፣ የመረብ ክር፣ የሕይወት ጃኬት፣ የአንድ ዓመት የጀልባ ነጂ አበል ትልቅ ነገር ነው።

ከተመራማሪዎቹም የሚጠበቅ አለ። ማንም በጣቢያው ጀልባና መሣሪያ የለካውን አኃዝ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን የዕለት መዝገቡን ጭምር፣ ቅጂውን በጣቢያው ቢተው፣ ጽሑፉ በውጭ አገር መጽሔት ታትሞ ቢወጣም ቁጥሩ በሐይቁ ዳር ይቀራል። ይህንን የሚያስገድድ አንቀጽ በትብብር ደብዳቤው ውስጥ ማስገባት ገንዘብ አይጠይቅም። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ተማሪ በጉማራ አፍ መረቡን ሲጥል፣ ከእርሱ በፊት በዚያው ስፍራ በዚያው መረብ ምን እንደ ተያዘ ከመደርደሪያው አውጥቶ ያነባል፤ ቀጥሎም የራሱን ቀን፣ ሰዓትና ክብደት ከሥሩ ይጽፋል።